ኩንታል ሊሞላ ሦስት ኪሎ

አጎቴ የታመሙ ዕለት እኔ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ለበዓል ነበር የሄድኩት። እኔ ከምኖርባት ከንፋስ መውጫ እስከ እናቴ መንደር በእግር አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ መኪና አይገባውም። ሰው ሲታመም በቃሬዛ አድርጎ ወደ ከተማ ማውጣት የመንደሩ ወንድ ሁሉ ሥራ ነው። አራቱ ይሸከማሉ፣ የቀሩት ከጎን እየተራመዱ ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ቃሬዛው ሳይቆም ትከሻ ለትከሻ ይቀባበሉታል።

እኔ ከተማ ወንበር ላይ የምውል ሰው ስለሆንኩ ማንም ተሸከም አላለኝም። ራሴ ነኝ የወጣሁት፤ እናቴ እያየች ነበርና። ዘንጉን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩና እርምጃዬን መቁጠር ጀመርኩ። እስከ ሃያ ድረስ ደህና ነበርኩ። ሠላሳ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ መመታት ጀመረ። አርባ ሁለት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ቃሬዛው ወደ እኔ ወገን ዘመም ሲል፣ የአባቴ እኩያ የሆኑ አንድ ሰው ዘንጉን ከትከሻዬ ተቀበሉኝ። እኔም መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለከልክ ጀመር። እስከዚያ ድረስ ሆዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ የነበሩት አጎቴ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

«ኧረ እኔን አውርዱኝ» አሉ። «ከእኔ እሱ ብሷል። እሱን ተሸከሙት።»

ማን ማን እንደሳቀ አልናገርም፤ ያልሳቀውን መናገር ይቀላል። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ትከተል ነበር፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች።

«አየ ልጀ፤ እኔ የወደቅሁ ቀንስ ማን ሊሸከመኝ ነው?» ብላኝ አለፈች።

አጎቴ በሳምንታቸው ድነው ተመለሱ። እኔ ከዚያች ንግግር አልዳንኩም። ለእናቴ ወንድ ልጇ እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ እናቴ የወደቀች ዕለት፣ እግዜር ያርቀውና፣ ትከሻዬ ከቃሬዛዋ ሥር እንዲገኝና እንዳይከዳት። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ሳልከሳ ፊቷ ላልቆም ለራሴ ማልኩ። ይህን መሐላ እንደ ወንድነት ቆጥሬው ነበር።

ሥራው በሚዛን ይጀመራል። ጤና ጣቢያ ሄጄ እንዳልመዘን የሚያውቀኝ ሰው ይበዛል፤ ስለዚህ ገበያ ወጣሁና አንዲት እህል ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ጆንያ የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ነበራት።

«ምን ልትሸጥ ነው?» አለችኝ።

«ራሴን ልመዝን ነበር።»

ሳትስቅ «ውጣበት» አለች። ወጣሁ። የሚዛኑን ክብደት ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አደረገችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዘጠና ሰባት! ኩንታል ሊሞላ ሦስት ኪሎ!» አለች። ከጎኗ ያለችው ነጋዴ አንገቷን አስግጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ እንዲህ ያለ ገብስ ዘንድሮ ገበያ እንዳልገባ መሰከረች። ከሚዛኑ ስወርድ ሁለቱም ቶሎ ቶሎ ብቅ እንድል መከሩኝ።

መሥሪያ ቤት ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ስልኬ ላይ አንድ አፕ ጫነችልኝ። የበላሁትን ስነግረው ካሎሪውን ይደምራል፤ የተራመድኩትን ደግሞ ይቀንስልኛል። ቁመቴን፣ ዕድሜዬንና ክብደቴን ጠይቆ በቀን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ፈቀደልኝ። ብዙ መስሎኝ አመስግኜው ነበር።

አፑ እንጀራን ያውቃል። የሚያውቀው ግን አንድ ስስ ነገር ነው፤ እኛ ቤት ከገብስ የሚጋገረውን ወፍራሙን አያውቀውም፤ እኔም አላስተዋወቅሁትም። ጠላን ፈልጌ አጣሁት፤ የማይታወቅ ነገር አይቆጠርም ብዬ ተውኩት። ጉርሻ ሌላው ሰው በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነገር ስለሆነ እኔን አይመለከተኝም። ቤታችን አምስት ሆነን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ እንጀራውን ለአምስት አካፍዬ ድርሻዬን መዘገብኩ። ትንሿ ልጄ ሁለት ጊዜ ጎርሳ እንደምትነሣና የቀረው ድርሻዋ ወዴት እንደሚሄድ አፑ አልጠየቀኝም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ እውላለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለፈውን ሁሉ እክሰዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን የእራቱ ነገር ነው። በልጅነቴ ቤተ ልሔም ገዳም ገብቼ አራት ዓመት የዜማውን ድጓ ተምሬ፣ ሳልዘልቅበት ነው የወጣሁት። ከተማርኩት ብዙው ጠፍቶብኛል። የቤተ ክርስቲያን ቀን ከምሽት እንደሚጀምር ግን አልረሳሁም፤ ቅዳሜ ፀሐይ ከገባች እሑድ ነው። እንግዲህ የቀኑ ካሎሪ ምሳ ላይ ይሞላብኛል። መቼም ምሳ ላይ ሳይሞላ ቀርቶ አያውቅም። ሲመሽ «ይህ እራት የነገ ነው» እልና እበላለሁ። ሲነጋ ደግሞ ስልኩን እከፍትና «የትናንት እራት የትናንት ነው፤ ያለፈ ቀን ተዘግቷል» እላለሁ። እራቴ የአብዬን ወደ እምዬ እየተባለ በቤተ ክርስቲያን ቀንና በስልኩ ቀን መካከል ወድቆ ቀረ፤ የትም አልተጻፈም። በአፑ መዝገብ ወር ሙሉ እራት ቀምሼ አላውቅም። ባሕታዊ ነበርኩ።

ወሩ ሲሞላ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ዘጠና ዘጠኝ።

«ጎሽ» አለች ነጋዴዋ፤ «አንድ ቀረህ።»

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ኃጢአት ነው ብዬ አልነበረም፤ እንዲያው የሚያዝንልኝ ሰው ፈልጌ ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «እስቲ የእራቱን ድገመው» አሉ። ደገምኩላቸው።

«እና ሊቃውንቱ በዓልና አጽዋማት የሚያወጡበትን ባሕረ ሐሳብ፣ አንተ ለእራትህ አዋልከው?»

«አባቴ፣ ስልኩ እኮ ቀኑን በእኩለ ሌሊት ነው የሚዘጋው...»

«ስልኩንማ ሸንግለኸዋል። ሆድህን ማን ይሸንግልልህ?»

ቀኖና ሰጡኝ። ስግደት እጠብቅ ነበር፤ ለስፖርቱም ይሆነኛል ብዬ ልቤ ከጅሎ ነበር። እሳቸው ግን ለአርባ ቀን የበላሁትን ሁሉ፣ ጠላውንም ጉርሻውንም፣ በዕለቱ በእውነት እንድጽፍ አዘዙኝ። እንዲህ ያለ ቀኖና ለሰው ሰጥተው እንደማያውቁም ነገሩኝ፤ ሲናገሩ ጢማቸው ሥር ፈገግታ አይቻለሁ።

በእውነት ለመጻፍ ድርሻን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ድርሻን ለማወቅ የራስ ሰሐን። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ለብቻህ ልትበላ?» አለች። ልብሴን ሰብስቤ ልወጣ ነው ያልኳት ይመስል ነበር አስተያየቷ።

እኛ አገር ባልና ሚስት ማዕድ ከለዩ ቀሪው ከብት መካፈል ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ስልኬም አብሮኝ አለ ብዬ ደፈርኩ። ሰሐኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መስኮት ሥር፣ እነሱ ትሪውን ከበው፣ ሦስት ሳምንት እንዲህ በላን። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ ገባች። እኔን አየች፣ እነሱን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። ወንፊቱን ሳትወስድ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፋችን ላይ ቆመው ነበር። ግቡ ብንል «እስክትታረቁ አንቀመጥም» አሉ።

«ኧረ አልተጣላንም!» አልኩ።

«የተጣላ ሁሉ እንዲያ ነው የሚል» አሉ አንደኛው።

ስለ ካሎሪ አስረዳኋቸው። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊትም ተናገርኩ። በመጨረሻም ስልኬን አውጥቼ መዝገቤን አሳየሁ። ስልኩን ማውጣት አልነበረብኝም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና «ያው፤ መዘዙ ስልኩ ነው» ተባባሉ። ወደ ባለቤቴ ዞሩ። እንደምታድነኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ «አብሮን መብላት ካቆመ ሦስት ሳምንት አለፈው» አለች። ውሸት አይደለም። ሳቋን ለማፈን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እኔ አየሁ፤ ለእነሱ ግን ለቅሶ ነበር የመሰላቸው።

ፈረዱብኝ። ዕርቅ ያለ ማዕድ አይጸናም ተባለና ትሪ ቀረበ፤ ዶሮም አልጠፋ። እኔ ባለቤቴን አጎረስኩ፣ እሷም እኔን። ያ አልበቃም፤ ሦስቱም በየተራቸው «ሰላሙን ያጽናላችሁ» እያሉ አጎረሱኝ። የሽማግሌ ጉርሻ አይመለስም፣ አንድም አይሆንም፤ መጠኑም የጡጫ ያህል ነው። ከዚያ ጠላ ቀረበ። ከሄዱ በኋላ ስለ ቀኖናዬ ብዬ አንድ በአንድ ጻፍኩት። አፑ ቀይ ሆነ። የሁለት ቀን ተኩል ምግብ በአንድ ዕርቅ በላሁ፤ ያውም ሳልጣላ።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ መላ አመጣች። በትሪው ላይ በእኔ ፊት ያለውን እንጀራ ቆርጣ፣ ወጡንም ለክታ ታደርግልኛለች፤ ከዚያ አልፌ እጄን ስዘረጋ ልጆቼ ይጮሁብኛል። አብረን እየበላን ኪሎዬ መውረድ ጀመረ። አፑም፣ ካህኑም፣ ሽማግሌዎቹም ያልቻሉትን እሷ ናት የቻለችው። ይህን ለረጅም ጊዜ የእኔ ጽናት ነው እያልኩ አውርቻለሁ።

የቀረው ሩጫው ነበር። ማለዳ ማለዳ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አስፋልት መውጣት ጀመርኩ። ሩጫ የምለው ለክብሬ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ድንች የጫነች አህያ ቀድማኝ ሄዳለች፣ ባለቤትዋም ዞር ብሎ አይዞህ ብሎኛል። አንዲት እንጨት የተሸከሙ አሮጊት ሲያዩኝ ሸክማቸውን መሬት ጣሉና ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ማን ሞተ ልጀ?»

«ማንም አልሞተም እናቴ፤ ለጤናዬ ነው።»

«እህ። ማን ታመመ?»

«ኧረ ማንም!»

«ታዲያ ማን እያባረረህ ነው?» አሉና አሻግረው ወደ ኋላዬ አዩ።

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በከንቱ አይሮጥም። የሚሮጠው መርዶ ነጋሪ ነው፣ ወይ ቤቱ የተቃጠለበት። ወደ እናቴ መንደር በሚወስደው መንገድ ያልሮጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ያን መንገድ የሚሄደው ሁሉ ያውቀኛል፤ እኔ ዳገቱን ሳልጨርስ «እናትየዋ አረፈች» ተብሎ ለቀስተኛ ይወጣል። ለራሴ የነገርኩት እንዲህ ብዬ ነው። ምክንያት በመፍጠር በኩል ድሮም ሰነፍ አልነበርኩም።

እናቴ አልፎ አልፎ በጎረቤት ስልክ ትደውልልኛለች። «መች ነው የምትመጣው?» ትለኛለች።

«ትንሽ ቆይ እምየ። ስታይኝ ይደንቅሻል።»

«አሁንም እየደነቀኝ ነው» ትላለች። እኔ ይህን እንደ ምርቃት ሰምቼ ስልኩን እዘጋለሁ።

ዘጠና አራት ሆንኩ። ዘጠና ላይ ሁለት ወር ተኛሁ። ከዚያ ሰማንያ ስድስት፣ ዓመቱ ሲዞር ሰማንያ አንድ። ነጋዴዋ የሚዛኑን ክብደት ወደ ኋላ ስትገፋ ፊቷ ጨለመ። «ነቀዝ ገብቶብህ ነው?» አለችኝ። መሥሪያ ቤት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጤናዬን ይጠይቁኝ ጀመር፤ አንዱ ለሳል ይሁን ለሌላ ሳይነግረኝ ማር አምጥቶልኛል። ሱሪዬን በገመድ አስሬ ከተማውን ስዞር፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ያዝንልኝ ነበር። እኔ ግን በመስታወት ፊት ትከሻዬን እያየሁ፣ አሁን እንኳን አንድ እናት ሁለትም እሸከማለሁ እል ነበር።

ክረምቱ ገባ ሲል አንድ ጠዋት የእናቴ ጎረቤት ደወለች። እናቴ ደጇ ላይ ጭቃ አዳልጧት ወድቃለች፤ በእግሯ መቆም አልቻለችም፤ ሰዎች ቃሬዛ እያዘጋጁ ነው።

በሥራ ጫማዬ ሮጥኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልዋሽም። ዓመት ሙሉ የተዘጋጀሁለት ቀን መጥቶ ነበር። በመንገድ ያገኘሁት ሁሉ «ማን ሞተ?» ሲል ሳልመልስ አለፍኩ። ዳገቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳልቆም ጨረስኩት። ደጃፏ ስደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አወጣሁና አየሁት፤ እስከዛሬ ከሮጥኩት ሁሉ የፈጠንኩበት ነው ብሎ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እናቴ ወድቃ፣ እኔ ደጃፏ ላይ ቆሜ ስንት ካሎሪ እንዳቃጠልኩ አነበብኩ።

ከዚያ ገባሁ። ግንባሯን ሳምኳት። አቃስታ «መጣህ?» አለችኝ። ቃሬዛው ላይ አወጣናት፣ እኔም የፊት ቀኙን ዘንግ ያዝኩ።

አርባን አለፍኩ። መቶን፣ ሁለት መቶን አለፍኩ። ተራ ጠባቂዎቹ ቀረብ ብለው «ስጠን» አሉ። «ግዴለም» አልኩ። ሌሎቹ ሦስት የዘንግ ጫፎች ሁለት ጊዜ ትከሻ ቀየሩ፤ የእኔ አልቀየረም። ባለፈው ዘንጉን የተቀበሉኝ የአባቴ እኩያ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። እንቢ ስላቸው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ። «ልቀቅ እንጅ ልጀ፤ የሁላችን ናት።»

«የእኔ እናት ናት!» አልኩ። በልቤ ይህን ዓመት ሙሉ ስለማመደው ነበር። እጃቸውን ሰበሰቡ። የምሳሌ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ትንሽ እንደሄድን እናቴ ከላይ ተናገረች።

«ከስተሃል።»

«አዎ እምየ። ለአንች ብየ ነው። እንድሸከምሽ።»

«በምን ከሳህ?»

«በየጠዋቱ እሮጣለሁ።»

«የት?»

«በአስፋልቱ፣ እስከ ድልድዩ።»

«ትመለሳለህ ደግሞ?»

«ደርሼ እመለሳለሁ። በየቀኑ። ከእሑድ በቀር።» ይህን የተናገርኩት ሰዎቹም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ነው።

በልቧ ለካችው። መንገዱን ሁሉ በእግሯ ታውቀዋለች።

«ድልድዩማ ከኔ ቤት ይበልጥ ይርቃል» አለች።

አልተቆጣችም። የመንገድ ርቀት የተጠየቀ ሰው በሚመልስበት ድምፅ ነበር የተናገረችው። አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው፣ ወደ እናቴ ቤት ከሚወስደው የሚረዝም መንገድ ሮጬ ደርሼ ተመልሻለሁ። እሷ ዘንድ አንድ ቀን አልደረስኩም። ሆዴ ገብቶ ስታየኝ እንድትደነቅ ብዬ። ያችን ለራሴ የነገርኳትን ምክንያት ፍለጋ አፌን ከፈትኩ።

«ሰው ስሮጥ ቢያየኝ... ሞተች ይላል ብየ ነው።»

«ይበል እንጅ» አለች። «ሞተች ብለው ይመጡና ቁጭ ብየ ያገኙኛል። ምን ከፋ? አንተም አብረህ ትመጣ ነበር።»

የአባቴ እኩያ አሁንም ከጎኔ ነበሩ። እጃቸውን ዘንጉ ላይ አሳረፉ፤ እኔም ለቀቅሁላቸው። ጉልበቴ አልዛለም፤ ትንፋሼም ደህና ነበር፤ ሁለት ሰዓትም እሸከም ነበር። ተራ ጠባቂዎቹን ያኔ ነው ቀና ብዬ ያየኋቸው። እንጨቷን የሚፈልጡላት፣ ጣራዋን የሚጠግኑላት እነሱ ናቸው፤ አንዳቸውም አልከሱም። ወደ ቃሬዛው ተጠጋሁና እጇን ያዝኩ። አልነጠቀችኝም፤ አልጨበጠችኝምም። እኔም እጇን ሳልለቅ፣ እንደ ሰዉ ሁሉ ተራዬ እስኪደርስ ከጎኗ ሄድኩ።